ለታካሚ ሳይደርስ የሚባክነው፦ ከቀዶ ሕክምና ክፍል እስከ ወጥ ቤት የተያዘ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

የመጀመሪያው ስብሰባ

ቡድኑ ዛሬ ተሰበሰበ። የሰመመን ሐኪም፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፣ የወጥ ቤት ኃላፊዋ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ አንድ ፋርማሲስት፣ እኔ ደግሞ ከባዮሜዲካል ምህንድስና። የተሰጠን ሥራ ሆስፒታሉ ወደ አየር የሚለቀውን የሙቀት አማቂ ጋዝ መቀነስ ነው።

ውይይቱ ገና ሳይጀመር በየአቅጣጫው ተበታተነ። አንዱ የፀሐይ ኃይል ይተከል አለ፣ ሌላው አምፖሎቹ ይቀየሩ፣ ሌላዋ ወረቀት እንቀንስ አለች። ሁሉም ደግ ሐሳብ ነው፤ የቸገረን ከየቱ እንደምንጀምር የሚወስንልን መስፈርት ማጣት ነበር። እኔ ያቀረብኩት ይህን ነው፦ ማንንም ታካሚ ሳይጠቅም የሚወጣውን እናስቀድም። ከቧንቧ የሚያፈስ ጋዝ፣ ሳይበላ የሚደፋ ምግብ፣ ሰው በሌለበት ክፍል ሲነፍስ የሚያድር አየር፣ ከማቀዝቀዣ የሚሾልክ ጋዝ። እነዚህን ብናስቀር በማንም ሕክምና ላይ የሚጎድል ነገር የለም፤ ስለዚህ ከሐኪሞቹ ጋር የሚያጣላን ጉዳይም አይኖርም።

የሰመመን ሐኪሙ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው "እንግዲያው ከእኔ ክፍል ጀምሩ" አሉ። የወጥ ቤት ኃላፊዋ ግን ምንም አላሉም።

ማግስቱ፣ ከቁጥሮቹ ጋር

ለቡድኑ የሚሆን አንድ ገጽ ሳዘጋጅ ዋልኩ። የጤና አገልግሎት በዓለም ላይ ካለው ልቀት 4.4 በመቶ ገደማ እንደሚይዝ እ.ኤ.አ. በ2019 ‹ሄልዝ ኬር ዊዝአውት ሃርም› እና ‹አሩፕ› የተባሉት ድርጅቶች ያወጡት ስሌት ያሳያል። ከዚያ ውስጥ 71 በመቶው የሚመጣው ከአቅርቦት ሰንሰለቱ ነው፤ ከሚገዛው ዕቃ፣ ከመድኃኒቱ፣ ከምግቡ፣ ከማጓጓዣው። የምግብ ሥርዓት በፋንታው ከእርሻ እስከ ቆሻሻ መጣያ ሲደመር የሰው ልጅ ከሚያመነጨው ልቀት ሲሶ ያህሉን ይይዛል። ሆስፒታል ሁለቱ የሚገናኙበት ቤት ነው፤ ያክማል፣ በየቀኑም ለብዙ ሰው ያበስላል።

ለእኛ ሥራ በጣም የሚያስፈልገው ግን ሌላ ቁጥር ነው። አንድ ኪሎ ጋዝ በ100 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስንት እጥፍ ያሞቃል? ለሰመመንና ለሕመም ማስታገሻ የሚተነፈሰው ጋዝ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ 273 እጥፍ። በሰመመን ሕክምና ከሚተነፈሱት ሌሎች መድኃኒቶች ሴቮፍሉሬን 130 ገደማ፣ ኢሶፍሉሬን 510፣ ዴስፍሉሬን 2,540።

ወደ ጠርሙስ ሲለወጥ ይበልጥ ይገባል። 250 ሚሊ ሊትር ሴቮፍሉሬን ተንኖ ቢያልቅ 49 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመልቀቅ ነው። ያንኑ ያህል ኢሶፍሉሬን 190 ኪሎ ግራም ገደማ። 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የዴስፍሉሬን ጠርሙስ ግን 890 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣው፣ ያ በአንድ እጅ የሚያዝ ጠርሙስ 330 ሊትር ያህል ናፍጣ በጄኔሬተር ከማቃጠል ጋር እኩል ይሆናል ማለት ነው። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ዴስፍሉሬንን ከሕዝብ ሆስፒታሎቿ ያስወጣችው፣ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ ሕክምናው ግድ ካላለ በቀር የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው።

ገጹን ያየችው የቀዶ ሕክምና ነርስ የጠየቀችው ጥያቄ ሁሉንም ያስማማ ነበር፦ "ታካሚው ተነፈሰው አይደል? ታዲያ እንዴት አየር ላይ ይወጣል?" ሰውነት ከሚተነፍሰው ሴቮፍሉሬን የሚያብላላው ቢበዛ 5 በመቶ ገደማ ነው፤ ዴስፍሉሬንንማ ጨርሶ አይነካውም ማለት ይቻላል። ቀሪው በትንፋሽ ተመልሶ ይወጣል። በክፍሉ ያለው የጋዝ መምጠጫ ደግሞ ከሠራተኞቹ አፍንጫ አርቆ በጣሪያ በኩል ወደ ውጭ ይለቀዋል። መምጠጫው የሚጠብቀው እኛን ነው፤ ጋዙን አያጠፋውም።

የመጋዘኑ መዝገብ

ዛሬ የዕቃ ግምጃ ቤቱን መዝገብ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የሰመመን ቅጾች ጋር አስተያየን። የእኛ ሆስፒታል ዴስፍሉሬን አይገዛም፤ ይህ አንድ እፎይታ ነው። ናይትረስ ኦክሳይድ ላይ ግን ቆምን። ሲሊንደሮቹ በየጊዜው ይገዛሉ፣ ያልቃሉ፣ ይቀየራሉ። በሰመመን ቅጾቹ ላይ ግን ናይትረስ የተሰጠው ታካሚ እጅግ ጥቂት ነው።

"ዶክተር፣ ናይትረስ አሁንም ትጠቀማላችሁ?"

"ለሕፃናት አልፎ አልፎ። እኔ ከያዝኩት ቆይቻለሁ፤ ወጣቶቹማ ጨርሶ አይከፍቱትም።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ሲሊንደር ማን ጨረሰው?"

መልስ አልነበራቸውም። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ሥራውን በትክክል ነው የሠራው፤ ሲያልቅ ተነገረው፣ አዘዘ። ሐኪሞቹም በትክክል ነው የሠሩት፤ አልተጠቀሙም። ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ግን አልነበረም፣ ምክንያቱም አንዱ የንብረት ሌላው የሕክምና ሰነድ ነው።

አርብ ማታ እና ሰኞ ጠዋት

የሲሊንደር ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ እዚህ ላይ ምንም አይረዳም፤ ይህን ለሌላ ሆስፒታል ለሚሠራ ባልደረባዬ አጥብቄ የምነግረው ነገር ነው። ናይትረስ ኦክሳይድ በሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። በተለመደው የክፍል ሙቀት፣ ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ጌጁ ከ50 ባር ትንሽ በላይ እያሳየ ይቆማል። ሙሉም ሆነ ሊያልቅ የደረሰ፣ ንባቡ ያው ነው። መውረድ የሚጀምረው ፈሳሹ አልቆ ጋዙ ብቻ ሲቀር ነው። ስለዚህ እውነቱን የሚናገረው ሚዛን ብቻ ነው።

አርብ ማታ፣ የሳምንቱ የቀጠሮ ቀዶ ሕክምና ካለቀ በኋላ፣ በማኒፎልዱ ላይ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ተያይዘው ጋዙን ወደ ሆስፒታሉ ቧንቧ በሚልኩበት ማዕከል ላይ፣ የተገጠሙትን ሲሊንደሮች አንድ በአንድ መዘንን። ለቅዳሜና እሑድ ድንገተኛ ታካሚዎች ኦክስጅንና አየር ብቻ እንደሚያገለግሉ፣ ናይትረስ የከፈተ ካለም በሰሌዳ ላይ እንዲጽፍ ተስማማን። ሰኞ ጠዋት ስንመጣ ሰሌዳው ባዶ ነው። ሲሊንደሮቹ ግን ቀልለዋል።

ማንም አልነካውም፤ ጋዙ ግን ሄዷል። ነርሷ ሚዛኑን ደግማ እንድናይ ጠየቀች፤ ደገምን፣ ያው ነው። አሥር ኪሎ ናይትረስ በዚህ መንገድ በጠፋ ቁጥር 2.7 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደወጣ ይቆጠራል። ይህ ጋዝ አንዴ ከወጣ በከባቢ አየር ውስጥ ከ100 ዓመት በላይ ይቆያል፤ የኦዞን ንጣፍንም ይጎዳል። ለማንም ሕመም ማስታገሻ አልሆነም፤ የማንንም እንቅልፍ አላቀለለም።

በኤዲንብራና በአካባቢው ያሉ ሆስፒታሎች ከእኛ በፊት ይህንኑ ማነጻጸር ሠርተው ከተገዛው ናይትረስ አብዛኛው ለታካሚ እንዳልደረሰ አግኝተዋል፤ ከዚያም ማኒፎልዶቻቸውን ወደ መዝጋት ሄደዋል። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2024 የማዕከላዊ ናይትረስ ቧንቧዎች ከአገልግሎት ወጥተው በማሽኑ ላይ በሚገጠሙ ትንንሽ ሲሊንደሮች እንዲተኩ መክሯል። ስለዚህ ያገኘነው የእኛ ቤት ብቻ ጉድ አይደለም።

መጠገን ወይስ መዝጋት

ሁለት ቀን በሳሙና ውሃ መገጣጠሚያ ስንፈትሽ ዋልን። አንዳንዱ አረፋ ያወጣል። የሚያሳስበው ግን የማይታየው ነው፤ ቧንቧው በጣሪያ ውስጥ፣ በግድግዳ ውስጥ፣ ከዓመታት በፊት መጋዘን ሆነው በቀሩ ክፍሎች በኩል ያልፋል። ቀንም ሌሊትም በ4 ባር ገደማ ግፊት ተሞልቶ ይኖራል። ማኒፎልዱ ላይ ያለው ማሸጊያም ሲያረጅ ያፈሳል። አንዱን ስንደፍን ሌላው እንደሚጀምር ጥርጥር አልነበረኝም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ መዝጋት ነበር። መጠገን ማለት ማንም ለማይጠቀምበት ነገር ዘወትር ጠባቂ መቅጠር ነው። ትንሽ ሲሊንደር በሰመመን ማሽኑ ጀርባ ይገጠማል፣ ሐኪሙ ሲፈልግ ይከፍታል፣ ሲጨርስ ይዘጋል። ፍጆታው በዓይን ይታያል።

የሰመመን ሐኪሙ የጠየቁት ጥያቄ ተገቢ ነበር፦ "ሲሊንደሩ መሃል ላይ ቢያልቅስ?" ናይትረስ ሲቋረጥ ታካሚው ኦክስጅን አያጣም፤ የሰመመኑ ጥልቀት ግን ሊቀንስ ስለሚችል ትርፍ ሲሊንደር በክፍሉ እንዲቀመጥ፣ ጠዋት ጠዋት በሚደረገው የማሽን ፍተሻ ላይም የሲሊንደሩ ክብደት እንዲጨመር ተወሰነ። ሌላው ጥንቃቄ የቧንቧ መለያ ነው። ሲዘጋ የእያንዳንዱ ግድግዳ መውጫ መከደንና "አገልግሎት ላይ ያልዋለ" የሚል መለያ መለጠፍ አለበት፤ የኦክስጅን መስመሩ ከናይትረሱ ጋር አለመነካካቱ ከሥራው በኋላ በጋዝ መለኪያ በእያንዳንዱ መውጫ ላይ መረጋገጥ አለበት። ይህን የሕክምና ጋዝ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሳይኖር ማንም እንዳይነካ ጽፌ አስፈረምኩ።

በማኒፎልዱ ላይ የቀሩትን ሲሊንደሮች በተመለከተ አንድ ሰው "ባዶ አድርገን እንመልሳቸው" አለ። አይሆንም። የቀረው ጋዝ እንዳለ ለአቅራቢው ይመለሳል። ለማጽዳት ተብሎ አየር ላይ መልቀቅ የሥራውን ትርጉም ያጠፋዋል።

የጋዝ ፍሰት

የሰመመን ሐኪሙ ለወጣት ባልደረቦቻቸው አጭር ሥልጠና ሰጡ፤ እኔም ገብቼ አዳመጥኩ። ጉዳዩ ይህ ነው። ታካሚው በተዘጋ ዑደት ነው የሚተነፍሰው፤ የወጣው ትንፋሽ በሶዳ ላይም ውስጥ አልፎ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተይዞ ይመለሳል። ሐኪሙ የሚጨምረው አዲስ ጋዝ ብዙ ከሆነ ትርፉ ከነመድኃኒቱ ወደ ውጭ ይገፋል። የተለመደ ግምታዊ ስሌት አለ፦ በሰዓት የሚያልቀው ፈሳሽ በሚሊ ሊትር፣ የፍሰቱ መጠን በሊትር ሲባዛ በመድኃኒቱ በመቶኛ ሲባዛ በ3 ነው። ሴቮፍሉሬን 2 በመቶ በደቂቃ 6 ሊትር ፍሰት ሲሰጥ በሰዓት 36 ሚሊ ሊትር ያልቃል። በ1 ሊትር ፍሰት 6 ሚሊ ሊትር። ታካሚው የሚያገኘው ሰመመን ያው ነው፤ ልዩነቱ በሙሉ ጣሪያው ላይ የሚወጣው ነው። ከ7 ኪሎ ግራም ወደ 1.2 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ፣ በየሰዓቱ።

"መጀመሪያ ታካሚው እስኪተኛ ድረስ ከፍ ይላል፤ ከተረጋጋ በኋላ ግን ከፍ አድርጎ መርሳት ልማድ ነው እንጂ ሕክምና አይደለም" አሉ ዶክተሩ። ሶዳ ላይሙ ቶሎ እንደሚያልቅና የኦክስጅንና የመድኃኒት መለኪያው መሥራቱ ሳይረጋገጥ ፍሰት መቀነስ እንደማይገባ አስጠነቀቁ። መለኪያዎቹን አስተካክሎ ማቆየት የእኔ ክፍል ሥራ ስለሆነ የፍተሻ ሰሌዳውን ቀየርኩት። በደም ሥር የሚሰጥ ሰመመንና ክፍለ አካልን ብቻ ማደንዘዝም ተነሡ፤ ለየትኛው ታካሚ የትኛው እንደሚበጅ ግን የሐኪሙ ውሳኔ ነው፤ ቡድናችን እዚያ ውስጥ አይገባም።

ወጥ ቤት

የወጥ ቤት ኃላፊዋ ለምን ዝም እንዳሉ ዛሬ ገባኝ። "ምግባችን መጥፎ ነው ልትሉ ነው አይደል የመጣችሁት?" አሉን በሩ ላይ። የሚመዘነው ትርፉ እንጂ የእርስዎ ባለሙያነት አይደለም፤ ትርፉ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ ያለ እርስዎ ልናውቅ አንችልም አልናቸው። ጥቂት አሰቡና ሚዛኑ የት እንደሚቀመጥ ራሳቸው አሳዩን።

እስከ ዛሬ ሁሉም በአንድ በርሜል ነበር የሚደፋው። አሁን ሦስት በርሜል ሆነ። አንደኛው ለዝግጅት ትርፍ፣ ልጣጭና የተበላሸ። ሁለተኛው ተበስሎ ለማንም ሳይታደል ከጋሪው ለተመለሰ። ሦስተኛው ከታካሚው ሳህን ለተመለሰ። ከተላላፊ በሽታ ክፍሎች የሚመለሰው አይመዘንም፤ እንደ ሕክምና ቆሻሻ በራሱ መንገድ ይወገዳል። ከሚዛኑ ጎን አንድ ወረቀት አስቀመጥን፤ ምግብ የሚያድሉት ሠራተኞች ሳህኑ ለምን እንደተመለሰ በአንዲት ምልክት ያሳያሉ።

ውጤቱ ኃላፊዋን ደስ አሰኛቸው፣ እኛን ደግሞ አሳሰበን። "አልጣመኝም" የሚለው ምልክት ጥቂት ነው። በብዛት የተደጋገሙት ሌሎች ናቸው። ታካሚው ለቀዶ ሕክምና ምግብ እንዳይቀምስ ታዟል፤ ወጥ ቤቱ አልሰማም። ታካሚው ትናንት ወደ ቤቱ ተሸኝቷል። ራጅ ክፍል ሄዶ ሲመለስ ምግቡ ቀዝቅዟል። ማላመጥ አይችልም። ሳህኑ አልጋው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እጁ አይደርስም። ሁለተኛው በርሜል፣ ማለትም ለማንም ያልታደለው፣ ከገመትነው እጅግ ከባድ ሆነ፤ ምክንያቱም ወጥ ቤቱ የነገውን ምሳ የሚያበስለው በዛሬ ማታው የአልጋ ቁጥር ነው። ሌሊቱን የሚወጣውና የሚገባው አይታወቅም፤ ስለዚህ ምግብ እንዳያንስ ሲባል ይጨመራል። ማንም ኃላፊነት የሚሰማው ምግብ አብሳይ ይህንኑ ያደርግ ነበር።

እንግዲህ የወጥ ቤት ትርፍ ነው ያልነው አብዛኛው የመረጃ ጉድለት ነው። ማስተካከያውም ቀላል ሆነ። ጠዋት ከሐኪሞቹ ጉብኝት በኋላ የእያንዳንዱ ክፍል ተረኛ ነርስ ወደ ወጥ ቤት ትደውላለች፤ ስንት ሰው ይበላል፣ ማን እንዳይበላ ታዟል፣ ማን ለስላሳ ምግብ ያስፈልገዋል። ሩዝና ሾርባን የመሳሰለው ከስልኩ በኋላ ይበስላል። ራጅ ክፍልም በምግብ ሰዓት አስቸኳይ ካልሆነ ታካሚ እንዳይጠራ ተስማማ።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ አንድ ነገር ላይ አጥብቃ ቆመች፤ እኔም ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ትርፍ መቀነስ ሳህን ማሳነስ ሊሆን አይገባም። ሆስፒታል የተኛ ሰው በቂ ምግብ ሳያገኝ ሲቀር ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ በኢንፌክሽን ይጠቃል፣ አልጋው ላይ ይቆያል፤ የቆየበት እያንዳንዱ ቀን ራሱ ኃይልና መድኃኒት ይበላል። ሳይበላ የተመለሰ ሳህን ልቀቱም ተለቅቋል፣ ታካሚውም አልተመገበም። ስለዚህ ከተደፋው ጎን የተበላውም እንዲመዘገብ አደረግን። ትርፉ ቀንሶ የተበላውም ከቀነሰ አልተሳካልንም ማለት ነው።

ለቡድኑ ሪፖርት የጨመርኩት የዓለም ቁጥር ይህ ነው፦ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 በቤት፣ በምግብ አገልግሎት ተቋማትና በችርቻሮ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተደፍቷል፤ ለሸማች ከቀረበው 19 በመቶ ማለት ነው። 28 በመቶው ከምግብ አገልግሎት የመጣ ነው፤ የእኛን የመሰሉ ወጥ ቤቶች እዚያ ውስጥ ናቸው። በጠቅላላ የሚጠፋና የሚባክን ምግብ ከዓለም ልቀት ከ8 እስከ 10 በመቶ ይይዛል። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አየር አጥቶ ሲበሰብስ የሚያወጣው ሚቴን በ20 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። የአንደኛው በርሜል ልጣጭ ከአሁን በኋላ ለኮምፖስት ይሄዳል፤ ቦታውን የግቢ ሠራተኞቹ አዘጋጅተዋል።

ምናሌው

ትርፉ መልክ ሲይዝ ወደ ምናሌው ገባን። እ.ኤ.አ. በ2018 በ‹ሳይንስ› መጽሔት የወጣና በ119 አገሮች ከ38,000 በላይ እርሻዎችን ያካተተ ጥናት አለ። 100 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት ለሥጋ ተብሎ ከሚረባ ከብት የሚወጣው ልቀት በአማካይ 50 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከበግ 20፣ ከዶሮ 5.7፣ ከእንቁላል 4.2። ከጥራጥሬ ግን ከአንድ ኪሎ ግራም በታች። ከብት ሲያመሰኳ ከሆዱ ሚቴን ያወጣል፤ ለግጦሽና ለመኖ የሚመነጠረው ደንም ይጨመርበታል።

ሥጋ ይከልከል ያለ በቡድናችን የለም፤ ቢኖርም እቃወም ነበር። የታመመ ሰው የሚወደውን ምግብ ማጣት የለበትም። የኒው ዮርክ ከተማ የሕዝብ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. ከ2022 አንስቶ የሄዱበት መንገድ ግን አሳመነኝ፦ መጀመሪያ የሚቀርበው ምግብ ከአትክልትና ከጥራጥሬ የተሠራ ነው፣ ሥጋ የፈለገ ይመርጣል። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ታካሚዎች እንደረኩ፣ ከምግብ የሚመጣው ልቀትም እ.ኤ.አ. በ2023 በ36 በመቶ እንደቀነሰ ሆስፒታሎቹ ገልጸዋል።

ኃላፊዋ ጉዳዩን የያዙበት መንገድ ከእኛ የተሻለ ነበር። "ስሙን ‹ሥጋ የሌለው› ካላችሁት ማንም አይነካውም፤ ስለጎደለው ሳይሆን ስላለው ንገሩት" አሉ። የምስሩንና የሽምብራውን ምግብ ራሳቸው ደጋግመው ሠርተው ለነርሶቹ አቀመሱ፤ ቅመሙንና ውፍረቱን አስተካከሉ። አሁን በሳምንቱ ውስጥ በተመረጡ ቀናት ምሳ ላይ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ሥጋ የፈለገ ታካሚ ምክንያት ሳይጠየቅ ይሰጠዋል። የኩላሊት ሕመምተኞች፣ በእሳት የተቃጠሉ፣ የደም ማነስ ያለባቸውና ሕፃናት በሥነ ምግብ ባለሙያዋ ዝርዝር ላይ ናቸው፤ የእነሱ ሳህን ያለ እሷ አይቀየርም።

የምግብ ማቀዝቀዣ ክፍል

የጥገና መዝገቡን ሳገላብጥ አንድ መስመር ደጋግሞ ታየኝ፦ "ጋዝ ተሞላ"። ማቀዝቀዣ ጋዙን አይበላውም፤ የተዘጋ ዑደት ነው። በየጊዜው የሚሞላ ከሆነ በየጊዜው ይሾልካል ማለት ነው። በትልቁ ፍሪዘር ክፍል ያለው አር-404ኤ የሚባለው ነው፤ አንድ ኪሎው 3,900 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል። ከናይትረስ ይብሳል። የኪጋሊ ማሻሻያ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደቀው እንደዚህ ያሉትን ጋዞች ቀስ በቀስ ለመቀነስ ነው።

በመለኪያ ፈልገን የሚሾልክበትን አገኘነው፤ ኮምፕረሰሩ በሚንቀጠቀጥበት ቦታ የላላ መገጣጠሚያ ነበር። ተጠገነ፣ በናይትሮጅን ግፊት ተፈተነ፣ ከዚያ ብቻ ተሞላ። ከእንግዲህ "ጋዝ ተሞላ" ብሎ መፈረም አይቻልም፤ ስንት ኪሎ ገባ፣ ከየት ሾለከ፣ ተደፈነ ወይ የሚሉት ይሞላሉ። የበሩን ጎማ ቀየርን፣ አቧራ የደፈነውን ኮንደንሰር አጸዳን። ፍሪዘሩ ዕድሜው ሲያልቅ ጋዙ በመምጠጫ ተሰብስቦ እንዲወጣ፣ የሚተካውም እንደ ፕሮፔን ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባሉ እምብዛም በማያሞቁ ጋዞች የሚሠራ እንዲሆን ለግዥ ክፍሉ ጻፍኩ።

በአጭሩ

የቀዶ ሕክምና ክፍሎቹ የአየር ማናፈሻ ሥራ በሌለበት ሌሊት ወደ ዝቅተኛ ዙር እንዲወርድ ተደረገ። በሥራ ሰዓት በሰዓት 20 ጊዜ አየሩን ይቀይራል። ሌሊት ሲቀንስም ክፍሉ ከኮሪደሩ ከፍ ያለ ግፊት መያዙን በመለኪያ አረጋገጥን፤ ለድንገተኛ አንዱ ክፍል ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

ፋርማሲስቱ የአስም ኢንሄለሮችን ይዞ መጣ። የሚረጩት ኢንሄለሮች የሚገፉበት ጋዝ ራሱ የሙቀት አማቂ ነው፤ የዱቄት ኢንሄለሮች ይህ የለባቸውም። ግን ለሕፃን ልጅና በኃይል መሳብ ለማይችል ታካሚ ዱቄቱ አይሠራም። እናም ነባር ታካሚ ያለ ሐኪሙ ምክር አይቀየርም። መጀመሪያ የምንሠራው፣ ታካሚዎች ኢንሄለሩን በትክክል እንዲስቡ ማስተማርና ያገለገለውን ወደ ፋርማሲ እንዲመልሱ ማድረግ ነው።

ቧንቧው ተዘጋ

ዛሬ የናይትረሱ ማኒፎልድ ከአገልግሎት ወጣ። የጋዝ ባለሙያው እያንዳንዱን መውጫ ፈትሾ ኦክስጅን ኦክስጅን፣ አየር አየር መሆኑን አረጋገጠ፤ ነርሷ ከአጠገቡ ሆና ፈረመች። በየማሽኑ ጀርባ ትንሽ ሲሊንደር ተገጥሟል። ለሚሠራው አዲስ ሕንፃ የተዘጋጀው ንድፍ ላይም የናይትረስ ቧንቧ በየክፍሉ ተስሎ ስላገኘሁት፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍሎቹ ሥዕል እንዲወጣ የሰመመን ሐኪሙና እኔ አብረን ፈርመን አስገባን። ያልተዘረጋ ቧንቧ አያፈስም፤ ገንዘቡም ይተርፋል።

ያልተፈታው የማዋለጃ ክፍል ነው። እዚያ ናይትረስና ኦክስጅን እኩል ተቀላቅሎ ለምጥ ሕመም ይሰጣል፤ እናቶች በእርግጥ ይተነፍሱታል፣ ይረዳቸዋል። ስለዚህ እኛ ባስቀመጥነው መስፈርት ይህ ከባከነው ጋር አይደመርም፤ ከማንም እናት አይወሰድም። አዋላጇ ስብሰባው ላይ መጥታ ይህንኑ ልትጠይቅ ነበር፤ ሳትጠይቅ ነገርናት። እዚያ መሥራት የምንችለው ሁለት ነገር ነው። መገጣጠሚያዎችና ማስክ ቫልቮች እንዳያፈሱ መፈተሽ፤ ከዚያ ደግሞ የወጣውን ትንፋሽ ሰብስቦ ናይትረሱን በካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጥን በሚያፋጥን ንጥረ ነገር) ወደ ናይትሮጅንና ኦክስጅን የሚሰብር መሣሪያ መጠየቅ። በስዊድን ሆስፒታሎች ይሠራበታል። ለዚያ ምጥ ላይ ያለች እናት ማስኩ ውስጥ መልሳ መተንፈስ ይኖርባታል፤ ይህ ይመቻት እንደሆነ የሚያውቁት አዋላጆቹ ናቸው። ሰኞ ከእነሱ ጋር እንቀመጣለን፤ የሲሊንደር ሚዛኑንም ወደዚያ እናዛውራለን።